ጎርጎራ፣ ጉዛራ ወይስ ቁልቋል በር? የጣናን ዳር የጦር ታሪክ ለማየት የቱ ይሻላል

የጣናን የጦርነት ታሪክ ለማየት ባሕር ዳር ለሚገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጀልባ ነው፤ ጀልባው ደግሞ ወደ ዘጌ ነው የሚሄደው። ዘጌ ለገዳማቱ፣ ለግድግዳ ሥዕሉና ለቡናው የሚኬድበት ባሕረ ገብ መሬት ነው። ጦር የተሰለፈበትን፣ ምሽግ የተቆፈረበትንና ንጉሥ ከነሠራዊቱ የከረመበትን ድንጋያማ ዳር የሚፈልግ ሰው ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ያዙር። በዚያ በኩል ለምርጫ የሚቀርቡት ጉዛራ፣ ቁልቋል በርና ጎርጎራ ናቸው። ከከተማው መራቅ ለማይችል ደግሞ ቤዛዊት አለ።

ለቸኮለ አንባቢ መልሱ ይኸው። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ቤዛዊት ይውጣ። ሙሉ ቀን ያለው ጉዛራንና ቁልቋል በርን አያይዞ ያያል። ሁለት ቀን ያለው ጎንደር አድሮ ጎርጎራ ይውረድ። አንዱን ብቻ ምረጡ ከተባልን እኛ ቁልቋል በርን እንመርጣለን፤ ለዓይን የሚስብ ነገር ያነሰው እሱ ቢሆንም። ምክንያቱ ያለው በመሬቱ አቀማመጥ ውስጥ ነው።

ጦር ለምን በዚህ በኩል አለፈ

ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ደግሞ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከደንገል ታንኳ በቀር ማጓጓዣ በሌለበት ዘመን ፈረስ፣ በቅሎና ጓዝ የያዘ ሠራዊት ሊሻገረው አይችልም ነበርና መዞር ግድ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚዞር መጀመሪያ የፎገራን ሜዳ ያገኛል፤ ሜዳው በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ከአዲስ ዘመን ወዲያ ተራራው ወደ ሐይቁ እየቀረበ ይመጣል። ወደ ሰሜን ሲሄዱ በግራ ጣና፣ በቀኝ ገደልና ኮረብታ ይሆናል፤ መንገዱ በመካከል ይጨመቃል። ከዚያ አልፎ ማክሰኝት ላይ ሲደርስ እንደገና ሜዳ ይከፈታል።

ከጎጃም የመጣም ሆነ ከደብረ ታቦር የተነሳ ጦር ወረታ ላይ ይገናኝና ወደ ጎንደር የሚወጣው በዚሁ ጉሮሮ ነው። ስለዚህ ጎንደርን የያዘ ሁሉ ይህን ጠባብ ምድር መዝጋት ይፈልጋል፤ ጎንደርን የሚፈልግ ሁሉ ደግሞ ሊከፍተው ይመጣል። ከግራኝ አሕመድ ዘመን እስከ ጣሊያን ወረራ መጨረሻ ድረስ በዚህ አካባቢ የተደረገው ነገር ከዚህ ብዙም አይወጣም።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ዓመተ ምሕረት። ከዚህ በታች «ዓ.ም» ያልነው ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። የውጭ መጻሕፍትን አንብቦ የሚመጣ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ካልቀነሰ ነገሥታቱ ይምታቱበታል። በተለይ ወይና ደጋ የሚባል ጦርነት ሁለት ጊዜ መደረጉን አስታውሱ። የመጀመሪያው በየካቲት 1535 ዓ.ም ዐፄ ገላውዴዎስ ግራኝ አሕመድን ድል የነሱበት ነው። ሁለተኛው በ1624 ዓ.ም ዐፄ ሱስንዮስ ከላስታ ዐማፅያን ጋር የተዋጉበትና ከድሉ በኋላ የካቶሊክ እምነትን ትተው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁበት ነው። በመካከላቸው 89 ዓመት አለ። አስጎብኚ ሁለቱን ሲያደባልቅ ከሰማችሁ የቀረውንም ወሬውን በጥርጣሬ ስሙት።

ቁልቋል በር

ቦታው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በአዲስ ዘመንና በማክሰኝት መካከል፣ በእንፍራዝ አካባቢ ነው። ከባሕር ዳር እስከ እንፍራዝ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ በመኪና ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ከገቡም በኋላ በጄኔራል ናሲ የሚመራው የጣሊያን ጦር ጎንደርን ይዞ ወራት ቆይቷል። ለዚህ የበቃው ወደ ጎንደር የሚያስገቡትን በሮች ስለዘጋ ነው። በሰሜን የሊማሊሞን ወገብ የሚጠብቀው ወልቅፊት፣ በደቡብ ቁልቋል በርና ጎረቤቱ ፈርቃ በር፣ በሐይቁ በኩል ጎርጎራ፣ በምዕራብ ጭልጋ ነበሩ። ደብረ ታቦር በ1933 ክረምት እጁን ሲሰጥ ከደቡብ የሚመጣው ጦር መንገዱ እስከ ቁልቋል በር ድረስ ተከፈተለት። ወልቅፊት በመስከረም 1934 ወደቀ። ቁልቋል በር ግን በኮሎኔል ኡጎሊኒ አዛዥነት ለኅዳር ደረሰ።

ኅዳር 4 ቀን የተደረገው የመጀመሪያው ጥቃት አልተሳካም። ሁለተኛው የተጀመረው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ብርጌድና የኢትዮጵያ አርበኞች በአውሮፕላን ድብደባ ታግዘው ወጡ፤ ቦታው በዚያው ቀን ተያዘ። በሩ ከተሰበረ ወዲያ ጎንደር አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየችም፤ ኅዳር 18 ቀን ወደቀች። በምሥራቅ አፍሪካ ከጣሊያን ጋር የተደረገው መደበኛ ጦርነት ያበቃውም በዚህ ነው። አንድ ጠባብ መተላለፊያ የአንድን ከተማ ዕድሜ እንዴት እንደሚወስን በዓይን የሚታይበት ሌላ ቦታ በጣና ዙሪያ የለም፤ ምርጫችንም ከዚህ የመጣ ነው።

ግንብ ፍለጋ ከሄዳችሁ ግን ታዝናላችሁ። እዚህ የሚታየው መሬቱ ነው፤ መሬቱን ለማንበብ ደግሞ ትንሽ ዘዴ ያስፈልጋል። በኮረብታው ላይ የድንጋይ ካብ ስታዩ ወዲያው «ምሽግ!» አትበሉ። አብዛኛው የገበሬ እርከን ነው። እርከን የኮረብታውን ወገብ ተከትሎ ረጅምና ተመሳሳይ ቁመት ይዞ ይሄዳል፤ ከላዩ በኩል አፈር ሞልቶበት ከካቡ ጫፍ ጋር እኩል ይሆናል። ምሽግ ግን አጭር ነው፤ በግማሽ ክብ ይታጠፋል፤ ፊቱን ወደ መንገዱ ወይም ወደ ዳገቱ መውጫ ያዞራል፤ ከኋላው አፈር አይሞላበትም፤ ይልቁንም ሰው የሚንበረከክበት ጉድጓድ ይኖረዋል። ከጉድጓዱ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ ምን ይታያል? መንገዱ ወይም ሸለቆው በግልጽ ከታየ ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ። ከፊታችሁ ያለው የጎረቤት ማሳ ብቻ ከሆነ የቆማችሁት እርከን ላይ ነው።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ይህ ቦታ ፈንጂ የተቀበረበት፣ በቦምብና በመድፍ የተደበደበ የጦር ሜዳ ነበር። የዛገ ብረት፣ ቀለህ ወይም ክብ ነገር ብታገኙ አትንኩ፣ አታንሱ፣ በእግራችሁም አትግፉ። ልጆች «ሽጡልን» ወይም «ግዙን» ብለው ቢያመጡላችሁ አትግዙ፤ አንዴ ከገዛችሁ ነገ ሌላ ሊቆፍሩ ይሄዳሉ። ለዕርሻ ባልተነካ ጥሻ ውስጥ ከመግባት የከብት መሄጃውን መከተል ይሻላል።

ከመሄዳችሁ በፊት በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጋችሁ ያዙ። ያለ መሪ ኮረብታ ላይ በካሜራና በካርታ የሚዞር ሰው ገበሬውንም ሚሊሻውንም ያሳስባል፤ ደግሞም አይፈረድባቸውም። አርበኛ አያት ያለው ሽማግሌ ከተገኘ ከማንኛውም ሰሌዳ ይበልጣል።

ጉዛራ

ጉዛራ በእንፍራዝ አጠገብ፣ ከዋናው መንገድ በላይ በሚገኝ ኮረብታ አናት ላይ የቆመ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ግንብ ነው። በተለምዶ የሚነገረው ከ1555 እስከ 1590 ዓ.ም የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል አሠሩት ነው፤ በፋሲለደስ ዘመን ነው የተሠራው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ከጎንደር ግንቦች ከግማሽ ምዕት በላይ ይቀድማል። ጎንደርን ካያችሁ በኋላ ብትመጡ ክብ የማዕዘን ግንቡ፣ ቅስት በሩና በኖራ የተያያዘው ድንጋይ ሁሉ የምታውቁት ይመስላችኋል። ስለዚህ ቢቻል ጉዛራን አስቀድሙት።

ሠርፀ ድንግል በሰሜን ከባሕረ ነጋሽ ይስሐቅና ከቱርኮች ጋር ተዋግተው ያሸነፉ ንጉሥ ናቸው። ቤተ መንግሥታቸውን ወደ ጣና ዳር ማምጣታቸው ግን ከዚያ በፊት ከነበረው ጥፋት ጋር ይያያዛል። ግራኝ አሕመድ በ1534 ዓ.ም ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎችን ድል አድርጎ መሪያቸውን ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማን ከገደለ በኋላ ነገሩ ያለቀ መሰለው። አብዛኞቹን ቱርክ ነፍጠኞች አሰናብቶ 200 ያህሉን ብቻ አስቀርቶ ወደ ጣና ወረደ። በማግስቱ ዓመት ገላውዴዎስ ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር ሆነው የደረሱበት በዚሁ በእንፍራዝ ምድር፣ ወይና ደጋ ላይ ነው። ግራኝ በጥይት ወደቀ፤ ጦሩም ወዲያው ተበተነ። ጉዛራ አናት ላይ ቆሞ ምሥራቁንና ደቡቡን መቃኘት የዚያን ዘመን ጉዞ ለማሰብ ይረዳል። ሆኖም «ግራኝ የወደቀው እዚያች ዛፍ ሥር ነው» ብሎ ጣቱን የሚቀስር ሰው ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

በተግባር ከአራቱ ለቤተሰብ የሚመቸው ጉዛራ ነው። ከአስፋልቱ የሚወጣው ዳገት አጭር ነው፤ ጥላ ግን የለውም። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ተረከዙ የማይንሸራተት ጫማ ይበቃል። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መውጣት ይመረጣል።

ሰዓቱ ለፎቶግራፍም ይወስናል። ጣና ከጉዛራ በስተ ምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ስለምትሆን ሐይቁ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታ ውኃው ነጭ ጨርቅ የተዘረጋ ይመስላል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ አቧራና የተቃጠለ ማሳ ጭስ ስለሚያጨልመው ሐይቁ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ምርጥ ነው።

ግንቡ ላይ ስትወጡ የቱ ጥንታዊ፣ የቱ ጥገና መሆኑን ለመለየት ድንጋዩን ትታችሁ መያዣውን እዩ። የቀድሞው ኖራ ነጣ ያለ ነው፤ ከነአሸዋው በጥፍር ሲፋቅ ይረግፋል (አትፋቁት፤ የረገፈውን መሬት ላይ ታገኙታላችሁ)። ግራጫና ጠንካራ ሆኖ ከድንጋዩ ገጽ የወጣ ነገር ካያችሁ የቅርብ ዘመን ሲሚንቶ ነው። ጫፍ ላይ ባለ ግድግዳ መቀመጥና መደገፍ አደገኛ ነው፤ ከክረምት በኋላ ውኃ የጠጣ ካብ ሳይታሰብ ይለቃል።

ጎርጎራ

ጎርጎራ ሁለት ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው በሰሜን ዳር ያለው የዛሬው ከተማና ወደብ ነው። ደብረ ሲና ማርያም፣ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ኮረብታ ላይ ያቆመው ረጅም ሐውልት ሁሉ በዚህ በኩል ናቸው። ሁለተኛው አሮጌው ጎርጎራ ነው፤ ከከተማው በስተ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ ሐይቁ በገባ መሬት ላይ ይገኛል። የሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና ማርያም ግንብ የሚባለው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ያለው እዚያ ነው። «ጎርጎራ ደርሼ ደብረ ሲናን አይቼ ተመለስኩ» የሚል ሰው የሱስንዮስን ጎርጎራ አላየም ማለት ነው።

ሱስንዮስ ይህን ቦታ የመረጡት ለምን ይመስላችኋል? በሦስት ወገን ውኃ ነው። ጠላት የሚመጣበት አንድ ጎን ብቻ ነው፤ እሱንም በጥቂት ሰው መጠበቅ ይቻላል። የደምቢያ እህል ቅርብ ነው፤ ዓሣና ውኃ አያልቅም። ክፋቱ ንዳድ ነው፤ ነገሥታት ከዳሩ ወደ ደንቀዝ፣ በኋላም ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም ወደ ጎንደር ደጋ የወጡበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይነገራል። የሱስንዮስ ወዳጅ የነበረው ስፔናዊው ቄስ ጴድሮ ፓኤዝም በ1614 ዓ.ም ትኩሳት ይዞት ያረፈው በጎርጎራ ነው። ዛሬም ቢሆን እዚያ የሚያድር ሰው አጎበር አይርሳ።

ማርያም ግንብ ላይ በቅርብ የሚታየው ድንጋዩ ነው። ጉዛራ ላይ ያለው ያልተጠረበ የአካባቢ ድንጋይ በኖራ የተጣበቀ ሲሆን እዚህ ግን ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተጠረበ፣ የጽጌረዳ ቅርጽ የተቀረጸበት ድንጋይ ታገኛላችሁ። በቅስት የተሸፈነው ጣሪያ ስብራትም በተወሰነ ቦታ ይታያል። ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ እጅ ነው። ነገር ግን ፍርስራሹ ደካማ ነው፤ ከቅስቱ ሥር አትቁሙ፤ የወደቀ ጥርብ ድንጋይም ከቦታው አታንቀሳቅሱ። የድንጋዩ አወዳደቅ ራሱ ለመሬት ቆፋሪ ባለሙያ ማስረጃ ነው።

ለጦርነት ታሪክ ከመጣችሁ ከከተማው ኋላ ያለውን ሜዳም አትለፉት። በ1845 ዓ.ም ደጃች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ወደ ዙፋን ካደረሷቸው ውጊያዎች ሁለቱን ያካሄዱት በዚሁ በደምቢያና በታኩሳ ነው። በኅዳር ጉር አምባ ላይ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወደቁ። በሚያዝያ ታኩሳ፣ ጎርጎራ ቢችን በሚሉት ቦታ፣ ራስ አሊ የላኩት ጦር ተሸነፈ፤ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝም ሞቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ራስ አሊ ራሳቸው ተሸነፉ። ሦስቱም በአንድ ዓመት! ሜዳው ላይ ሐውልት ፈልጋችሁ አትድከሙ። ማየት ያለባችሁ ፈረስ እንደልብ የሚጋልብበት ዝርግ መሬት መሆኑን ነው፤ የቁልቋል በር ተቃራኒ ነው።

መድረሻው ላይ ምርጫ አለ። አንደኛው በየብስ ነው፤ ባሕር ዳር ወደ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ ከአዘዞ በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ መውረድ። ከጎንደር እስከ ጎርጎራ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደምቢያ ዋልካ ዝናብ ሲነካው ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ማሳ መግባት በሐምሌና በነሐሴ የማይታሰብ ነው። ሁለተኛው ከባሕር ዳር በጀልባ ሐይቁን በቁመቱ ማቋረጥ ነው። ይህን በትናንሽ የቱሪስት ጀልባ ለመሞከር አናበረታታም። ጠዋት እንደ መስታወት የነበረ ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ማዕበል ያወጣል፤ ዳሩ በማይታይበት መካከል ላይ ሞተር ቢጠፋ የሚጠሩት ሰው የለም። በጀልባ መውጣት ካማራችሁ እስከ ጎርጎራ በመኪና ሄዳችሁ ከከተማው ወደ አሮጌው ጎርጎራ ያለውን አጭር ጉዞ በጀልባ አድርጉት።

ለዚያም አጭር ጉዞ ከባለ ጀልባው ጋር ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አለ ወይ? ነዳጁ ለመሄድ አንድ ሦስተኛ፣ ለመመለስ አንድ ሦስተኛ፣ ለመጠባበቂያ አንድ ሦስተኛ ሆኖ ይከፈላል ወይ? ሞተሩ ቢጠፋ መቅዘፊያ ተይዟል ወይ? አራተኛው እንቦጭ ነው። አረሙ በብዛት የሚገኘው በሰሜን ምሥራቁ ዳር ነው፤ ነፋስ ሲገፋው ግን ሌሊቱን ተጉዞ ትናንት ባዶ የነበረውን መውረጃ ይዘጋል። በፐሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይግላል፤ ባለ ጀልባው ወዲያው አጥፍቶ ሞተሩን ወደ ላይ አንስቶ በቢላ መቁረጥ አለበት። ነዳጅ ጨምሮ በኃይል ለማለፍ ከሞከረ አስቁሙት። መነሻውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ መመለሻውን ከ6 ሰዓት በፊት አድርጉ።

ደብረ ሲና ማርያም ሴትም ወንድም ይገባበታል። በዚያው አካባቢ ያለው ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ግን የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴቶች አይገቡም። ቅይጥ ቡድን ከሆናችሁ ጀልባ ሳትከራዩ በፊት ተስማሙ፤ ግማሹ ጀልባ ላይ ሁለት ሰዓት እንዲጠብቅ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ደሴቶቹን በተመለከተ ደቅ አጠገብ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ በ1597 ዓ.ም ባርቻ ላይ በጦርነት የሞቱትን የዐፄ ዘድንግልን አፅም ጨምሮ የነገሥታት አፅም የሚጠበቅበት ነው፤ እሱም ለወንዶች ብቻ ነው። ለጦር ታሪክ ያለው ነገር የሞቱትን ማየት ስለሆነ እዚህ አላወዳደርነውም።

ቤዛዊት

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዓባይን ተሻግሮ ያለው ኮረብታ ነው። በባጃጅ ይደረሳል። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ከአናቱ አለ፤ ግቢው ግን ለጎብኚ ክፍት ነው ብላችሁ አትቁጠሩ። የሚወጣበት ምክንያት እይታው ነው፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ የሚጀምረው ጉዞ ከዚያ ይታያል። የጦርነት ታሪክ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። በጥበቃዎቹ አቅጣጫና በድልድዩ ላይ ካሜራ አታዙሩ። አመሻሽ ላይ መውጣት ያምራል።

ምርጫውን በቀንና በሰው

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና መኪና ይዛችሁ ከሆነ ከባሕር ዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። ጠዋቱን ለጉዛራ ስጡት፤ ከዚያ እንፍራዝ ላይ ምሳ በልታችሁ ከ7 ሰዓት በኋላ ቁልቋል በር ውጡ፤ የጎን ብርሃን የምሽጉን ጉድጓድ ከእርከኑ ለመለየት ከቀትር ፀሐይ ይሻላል። ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ፤ ማታ በዚያ መንገድ መጓዝ አይመከርም። በሚኒባስ የምትሄዱ ከሆነ የጎንደሩን ተሳፍራችሁ እንፍራዝ ውረዱ፤ ሁለቱንም ለመጨረስ ግን ጊዜ ስለማይበቃ ጉዛራን ብቻ ያዙ። የመመለሻውን ሚኒባስ ከ9 ሰዓት በፊት መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ ይገባል፤ ከጎንደር ሞልቶ የሚመጣው ስለሚበዛ ዘግይታችሁ ከወጣችሁ ቦታ አታገኙም።

ሁለት ቀን ካላችሁ በመሄጃው ጉዛራን ብቻ ነክታችሁ ጎንደር እደሩ። በማግስቱ ማልዳችሁ ጎርጎራ ውረዱና አሮጌውን ጎርጎራ ከቀትር በፊት ጨርሱ፤ ከዚያ ደብረ ሲናን በእግር ማየት ይቻላል። ቁልቋል በርን በዚህ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት የሚቻለው ሦስተኛ ቀን ሲኖር በመመለሻው ነው።

ሦስቱን ለማስተያየት ወጪን ከጠየቃችሁ ቁልቋል በር የመሪ አበል ብቻ ነው የሚያስወጣው፤ ጉዛራ መግቢያና መሪ፤ ጎርጎራ ደግሞ አዳር፣ ነዳጅና ጀልባ ስለሚደራረቡበት ከሁለቱ ድምር በብዙ ይበልጣል። በቡድን ስድስትና ሰባት ሆኖ ጀልባ መጋራት ልዩነቱን ያጠበዋል።

ለማንኛውም ከመነሳታችሁ ዋዜማ ላይ ስልክ ደውላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ፤ ለባሕር ዳር ሚኒባስ ተራ አስከባሪዎች ሳይሆን በዚያው ቀን ከጎንደር ለገባ ሹፌር። ረቡዕና ዓርብ ወይም በጾም ወራት የሚሄድ ሰው እንፍራዝ ላይ ከሽሮና ከበየዓይነቱ ውጭ ብዙ አይጠብቅ፤ ጎርጎራ ዓሣ አለ፤ በዐቢይ ጾም ግን እሱም አይበላም የሚሉ ቤቶች አሉና ቀድማችሁ እዘዙ። ነጠላ ለሴቶች፣ ካልሲ ለሁሉም ያዙ፤ ቤተ ክርስቲያን በባዶ እግር ስለሚገባ በሰኔም በጥርም ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። መታወቂያ በኪስ፣ የመሪው ስልክ ቁጥር በወረቀት ይያዝ፤ ከማክሰኝት ወዲህ ባሉት ኮረብታዎች ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል።